ኮሪደሩ በማን ቤት ላይ ያልፋል

ወይዘሮ ውቢት ቅዳሜ ጠዋት በልጃቸው ደጃፍ ተንበርክከው የእግረኛ መንገዱን በበረኪናና በድስት መፈተጊያ ሲፈትጉ ተገኙ። ያገኛቸው ልጃቸው ሕሩይ ነው። የጋራዡ በር እያጓራ ወደ ላይ ሲጠቀለል፣ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ወጣና እናቱን ከነነጠላቸው መሬት ላይ አያቸው። ሲሚንቶው ላይ ከሳሩ ጠርዝ ተነሥቶ እስከ ጎረቤት የፖስታ ሣጥን የሚዘልቅ ቀይ መስመር ተሰምሯል፤ በመስመሩ መሀል ቀስት፣ ከቀስቱ አጠገብ የማይገባ ፊደል። በልጃቸው በር ትይዩ ያለውን አደብዝዘውታል። የቀረው ገና ቁልጭ እንዳለ ነው።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ሳይነጋ መጥተው ቀብተው ሄደዋል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው ሳያየው ላጥፋው ብዬ ነው።»

«እነማን?»

«እነማን እንደሆኑ መቼ ይናገራሉ።»

ሕሩይ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ሳቁ መጣበት፣ ሳቁን ዋጥ አደረገና አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። የሰፈሩ ማኅበር ኢሜይል አድርጎ እንደነበር፣ የኢንተርኔት ገመድ ሊቀብሩ እንደሆነ፣ ቀዩ ቀለም ከሥር የመብራት መስመር ስላለ ቆፋሪው እንዳይነካው የተደረገ ምልክት እንደሆነ ነገራቸው። ወይዘሮ ውቢት መፈተጊያውን ይዘው አዳመጡት።

«እንዳይነካ ነው የምትለኝ?»

«እንዳይነካ።»

«በቀይ?»

«በቀይ። ደግሞ የመንግሥት ኮንክሪት ነው፣ ባትፈትጊው ይሻላል።»

ተነሡ። ጉልበታቸው ላይ የሲሚንቶው ፍርፋሪ ተጣብቆ ነበር። አሜሪካ፣ ዱሉዝ ውስጥ ያሉት እነዚህ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ ወይዘሮ ውቢት ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ አሁንም የልጃቸውን ቤት የሚያውቁት ምራታቸው ገሊላ በሩ ላይ በሰቀለችው የላስቲክ አበባ ነው። ካዛንቺስ የነበረውን ቤታቸውን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጉልበታቸው ያውቁት ነበር፤ ደረጃው ላይ የተሰበረችውን ጠርዝ እግራቸው ራሱ ይዘላት ነበር። የዚያ ቤት በር ላይም አንድ ጠዋት ቀይ ቀለም ታየ። ቀጥሎ «ኮሪደር ደረሰ» ተባለ። መንገድ ይሰፋል፣ የብስክሌት መሄጃ ይገባል፣ መብራት ይተከላል። ያዩት ሁሉ አምሮበታል ይላሉ፣ እሳቸውም አልካዱም፤ ለመንገዱ ክፋት የለውም። የማይወጣላቸው አንድ ነገር ነው፤ አፍራሾቹ ቀድመው በርና መስኮቱን ነቅለው ስለነበር፣ አርባ ዓመት የኖሩበትን ቤት ሳይቆልፉ ወጡ።

ይህን ለሕሩይ ነግረውት አያውቁም። ያኔ በስልክ «አይዞሽ፣ ልማት ነው፣ እኔ ጋ ትመጫለሽ» ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም «እሺ» ብለው ስልኩን ዘጉ። መጡ። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ እንደ ተጠቀለለ ምንጣፍ ሁለቱም እየዘለሉት ያልፋሉ።

ወጥ ቤት ገሊላ እንቁላል እየሰበረች ነበር። እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ሲሉ የበረኪናው ሽታ አስነጠሳት፣ «እማማ፣ ምነው እኔ አለሁ አይደል» አለች፣ ከዚያ እንቁላሉ እንደገና ስለመወደዱ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ካለው የገበሬዎች ገበያ ግን አሁንም እንደሚረክስ አወራች። ሕሩይ ዛሬ ኦፍ ነው፤ መጋዘኑ ቅዳሜ አያስገባውም። ፊቱ በርቷል። ከትናንት ማታ ጀምሮ እንደበራ ነው። ትናንት ማታ ከስልኩ የሚወጣው የአማርኛ ዜና፣ በአሜሪካ መንግሥት አሸማጋይነት የሱዳን ተፋላሚዎች ለጥቂት ቀን ተኩስ ሊያቆሙ፣ ከተከበበችው ከተማም ሲቪሎች የሚወጡበት ሰብዓዊ ኮሪደር ሊከፈት ተስማሙ ሲል፣ ሕሩይ ከሶፋው ዘሎ ሚስቱን አቀፈ። በዚያች ከተማ እህቱ ቲጂ አለች። ካርቱም ላይ ከጓደኛዋ ከፈትያ ጋር ፀጉር ቤት ነበራቸው፤ ጦርነቱ ሲነሣ ሸሹ፣ የሸሹበትም ከተማ ተከበበ።

ሁለቱ ሲተቃቀፉ ወይዘሮ ውቢት ቀስ ብለው ተነሥተው ክፍላቸው ገብተው ነበር። በሩን ዘጉ። ገሊላ እንዳስተማረቻቸው የማይክሮፎኗን ምልክት በአውራ ጣታቸው ተጭነው ለልጃቸው ተናገሩ፦

«ቲጂዬ፣ እናትሽ ነኝ። ኮሪደር ሊከፈት ነው ሲሉ ሰማሁ። እንግዲህ አንቺም ታውቂያለሽ፣ የቤታችንን ፎቶ አይተሻል። ኑ፣ ተሰብሰቡ፣ ተለዋጭ ቤት አለ ቢሉሽ እንዳትወጪ። ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው የሚያደርጉትን የሚያደርጉት። በርሽን ዘግተሽ ተቀመጪ። ለፈትያም ንገሪያት።»

ይህን ልከው ተኙ። ደኅና እንቅልፍም ወሰዳቸው፤ ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው።

እንቁላሉ ቀርቦ ገና ሳይቆረስ የሕሩይ ስልክ ጮኸ። የቲጂ ድምፅ ነበር፣ ለቤተሰቡ በሙሉ የተላከ። ቲጂ ድምፅ የምትልከው የሳተላይት ኢንተርኔት ካለው ሱቅ ተሰልፋ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ አይመጣም፤ ሁሉም እንዲሰሙት ሕሩይ ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠው።

«እማዬ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ዛሬ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ወደ አውቶቡሶቹ ሲወጣ እኔና ፈትያ ቀረን። እዚህ አንዱ ውጡ ይላል፣ ሌላው ወጥመድ ነው ይላል፣ ማንን እንደምናምን ጠፍቶን ነበር። አንቺ ግን አሜሪካ ነሽ፤ ስምምነቱን የሠሩት እነሱ ናቸው፣ የሰማሽው ነገር ቢኖር ነው አልን። ፈትያ ልጇን እንዳዘለች በር ላይ ቆማ ነበር፣ የእናትሽን ቃል አልፌ አልሄድም አለች። ነገ ጠዋትም አውቶቡስ አለ፣ ከነገ በኋላ ግን የለም። አንቺ ያልሽውን እናደርጋለን። ማታ ሱቁ ሲከፈት እመጣለሁ።»

ሕሩይ ስልኩን ገልብጦ በፊቱ ደፋው። አልጮኸም። ተነሥቶ የታጠበ ብርጭቆ አነሣና ማጠብ ጀመረ።  ገሊላ ወደ አማቷ ዞረች።

«እማማ፣ ምን ብለዋት ነው?»

ነገሯት። እየነገሯት ከጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ያልነበረ ፍርፋሪ ይለቅሙ ነበር።

ሕሩይ ጀርባውን እንደሰጣቸው «እማዬ» አለ፣ «ኮሪደር ማለት እኮ መንገድ ነው።»

«እኛም ጋ መንገድ ነው ብለው ነው የመጡት።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይኼኛው ሌላ እንደሆነ፣ የሚፈርስ ነገር እንደሌለ፣ አሁኑኑ «ነገ ውጪ» የሚል ድምፅ ይላኩላት ዘንድ ለመናቸው። እሱ ቢልክ ቲጂ «እናቴ ሌላ ነገር ታውቃለች» ብላ አትሰማውም። ወይዘሮ ውቢት ስልኩን ተቀበሉ፣ አውራ ጣታቸውን ምልክቷ ላይ አደረጉ፣ ከዚያ አነሡት።

«ዛሬ የሄዱት ደርሰዋል?»

«አላውቅም። ዜናው ገና አልተናገረም።»

«ታዲያ በምን አፌ ልበላት? ያላመንኩትን ብነግራት ድምፄ ያሳብቅብኛል። ልጄ ናት፣ ታውቀኛለች።»

ሕሩይ ሰዓቱን አየ። ሊሄድ ያሰበበት ስብሰባ ነበረው፤ ከዋሽንግተን፣ ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመጣች ባለሥልጣን ከአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ጋር ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ልትነጋገር ነው። ይህንኑ ሲነግራቸው እናቱ ከወንበራቸው ተነሡ።

«የቤተክርስቲያን ቀሚሴን ልልበስና እመጣለሁ።»

«ስብሰባ እኮ ነው እማዬ፣ ይረዝማል።»

«ይርዘም። ባለሥልጣኗ ካሉ እሳቸውን እጠይቃለሁ።»

በመኪና ሄዱ። ወይዘሮ ውቢት በመስኮት እያዩ የጥቅል ጎመን ዋጋ አንሥተው ነበር፣ ሕሩይ «እህ» አለ፣ በዚያ ቆመ። የሀይዌይ ድልድዮቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጠመጠሙ አለፉ። ቡፎርድ ሃይዌይ ሲደርሱ የኮሪያ ጽሕፈት፣ የስፓኒሽ ጽሕፈት፣ የቬትናም ጽሕፈት፣ ከመሀል የጎማ መሸጫ፣ አንድ የአማርኛ «ሥጋ ቤት»። ስብሰባው የሚደረገው የድግስ አዳራሽ ውስጥ ነው። ማታ የአንዲት ሜክሲኳዊት ልጅ አሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ስላለ መድረኩ በሮዝ ፊኛ ተከብቧል፤ ባለሥልጣኗ የተቀመጠችው ልክ ከፊኛው ቅስት ሥር ነው። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ጠይም፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች አሜሪካዊት ናት። በስተቀኟ ስልክ የያዘ ወጣት ረዳት፣ በስተግራዋ ተርጓሚው ታዲዮስ። ታዲዮስ አዘውትሮ ለሆስፒታልና ለፍርድ ቤት በስልክ የሚተረጉም ነው፤ ይህን ያህል ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም፣ ግንባሩ ያበራል።

ባለሥልጣኗ ከወረቀት አነበበች። ታዲዮስ ተከተለ። መንግሥቷ ሁኔታውን በቅርብ እየተከታተለ መሆኑን፣ ከተፋላሚዎቹ ጋር በየዕለቱ እንደሚነጋገር ተናገረች። «የሰላማዊ ሰዎች ስቃይ በጥልቅ...» ብሎ ታዲዮስ ተደናቀፈ፣ «በጥልቅ እናሳስባለን» አለ።

«ማሳሰቢያ ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ያሳስበናል» ብሎ አረመ ታዲዮስ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ከወይዘሮ ውቢት ጎን የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ ዓለምብርሃን፣ ወደሳቸው ዘንበል አሉ። «እኔ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ስደተኛ ጣቢያ ሳለሁም ያሳስባቸው ነበር። የኔ እመቤት፣ እስከ ዛሬም አለቀቃቸውም።» በራሳቸው ቀልድ ትንሽ ከሳቁ በኋላ ግን አክለው፣ «ስንዴው ግን መጥቷል። አልዋሽም። በሱ ነው ያደግሁት» አሉ።

ጥያቄ ሲፈቀድ ሰው ተሰለፈ። አብዛኛው የጠየቀው ጥያቄ አይደለም፣ ንግግር ነው። ወይዘሮ ውቢት ተራቸው ሲደርስ ማይክሮፎኑን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ እንደ ሻማ።

«እኔ አንድ ነገር ነው» አሉ። «ኮሪደሩ የሚያልፈው በማን ቤት ላይ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት አልነበረውም፤ ግን ሳቀ። ሕሩይ ዓይኑን ወደ ጫማው ጣለ። ታዲዮስ ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው ባለሥልጣኗ አልሳቀችም፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጥያቄው እንዲደገም ጠየቀች። ከዚያ ለምን እንደጠየቁ እንዲነግሯት ፈለገች። ወይዘሮ ውቢትም ነገሯት፤ ስለ ካዛንቺሱ ቤት፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ በሩ ቀድሞ ስለመነቀሉ፣ ሳይቆልፉ ስለመውጣታቸው፣ ትናንት ማታ ለልጃቸው ስለላኩት ቃል፣ ዛሬ ጠዋት ስላመለጣት አውቶቡስ። ታዲዮስ «ሳይቆልፉ» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመና ሁለቴ አስተካክሎ ተናገረው። ሕሩይ ቀና አለ። ይህን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ከፊት ረድፍ አንዲት ሴት «እውነታቸውን ነው፣ እኔም ኮሪደር ሲባል ደንግጬ ነበር» አለች፣ ሌላውም አጉረመረመ።

ባለሥልጣኗ ወረቀቷን አጠፈችው። ታዲዮስ ቀስ እያለ አስከተለ፦ «እኔ ጋ ኮሪደር ማለት የዚያ ተቃራኒ ነው ይላሉ። በካርታ ላይ አንድ መስመር እናሰምራለን፣ ከዚያ ሁለቱንም ወገኖች ይህ መስመር አይነካም፣ በላዩ የሚሄድ ሰውም አይነካም እንላቸዋለን። መስመሩ ይህ ብቻ ነው። ቤት አይነካም፣ ሰው አይነካም።»

«እንዳይነካ ነው?» አሉ ወይዘሮ ውቢት።

«እንዳይነካ ነው።»

ማይክሮፎኑን ሊያስረክቡ ዘረጉና መለሱት። «ታዲያ ዛሬ ጠዋት የሄዱት፣ ሳይነኩ ደርሰዋል?»

ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ባለሥልጣኗ ወደ ረዳቷ ዞረች፣ እሱ ትከሻውን ሰበቀ፣ አንድ ነገር አንሾካሾከችለት፣ ተነሥቶ ስልኩን ጆሮው ላይ እያደረገ በመስታወቱ በር ወጣ። «ሳላውቅ አልናገርም፣ ትንሽ ይጠብቁኝ ይላሉ» አለ ታዲዮስ። ሰው ጠበቀ። ወይዘሮ ውቢት ሕዝቡ መሀል እንደቆሙ፣ ወንበር ቢያቀርቡላቸውም አልተቀመጡም። ፊኛዎቹ በአየር ማቀዝቀዣው ነፋስ እየተጋጩ ይንሸራሸራሉ። ከመስታወቱ ውጭ ረዳቱ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ መዳፉ ላይ ይጽፋል። 

ረዳቱ ተመልሶ መዳፉን አሳያት። አነበበች።

«ደርሰዋል ይላሉ። አንዱ አውቶቡስ ግን ዘግይቷል፣ ጎማው ፈንድቶ። ሰዎቹ ደኅና ናቸው፣ መለዋወጫ ጎማ ስላልነበረ ከኋላው ከመጣው አውቶቡስ ትርፍ ጎማ እስኪፈታለት ፀሐይ ላይ ቆይተዋል። ውኃ አልቆባቸው ነበር። ለነገዎቹ ውኃ እንዲጫን አሁን እነግራለሁ ይላሉ።»

ወይዘሮ ውቢት ማይክሮፎኑን ለቀጣዩ ሰጡ። ወደ ቦታቸው አልተመለሱም፤ ቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። ሕሩይ ከኋላቸው ሮጦ ፓርኪንጉ ላይ ደረሰባቸው።

«አመንሻት?»

«ጎማው» አሉ፣ ስልኩን ከቦርሳቸው እየፈለጉ። «የሚዋሽ ሰው ሁሉም በሰላም ደረሱ ብሎ ይጨርሳል እንጂ ጎማ አያፈነዳም።»

ከመኪናው ጎን፣ ከጎማ መሸጫው ፊት ለፊት ቆመው አውራ ጣታቸውን ምልክቷ ላይ አደረጉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ቲጂዬ፣ እናትሽ ነኝ። ትናንት ያልኩሽን እርሺው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ስሙ አንድ ሆኖብኝ ነው። ይኼ የሚያፈርስ አይደለም፣ መንገድ ነው። ከምንጩ ሰምቼ ነው የምነግርሽ፣ ከሴትየዋ አፍ። ዛሬ የሄዱት ደርሰዋል። የአንዱ ጎማ ፈንድቶ ፀሐይ ላይ ቆይተዋል፣ ስለዚህ ውኃ በደንብ ያዙ፣ ለፈትያ ልጅ ጃንጥላ ነገር ያዙ። ጠዋት የመጀመሪያው ላይ ግቡ። ደግሞ በርሽን ቆልፈሽ ውጪ። ቤት ቆልፈውት ሲወጡ ይቆያል።»

አንድ ምልክት ታየች። አንዷ ብቻ። ገሊላ እንዳስረዳቻቸው አንዷ «ወጥቷል» ማለት ነው፣ ሁለተኛዋ «ደርሷል»። ስልኩን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲሄዱ ሕሩይ ሬዲዮውን አልከፈተም። ዱሉዝ ሊደርሱ ሲሉ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «ያን ቀን እንዴት ነበርሽ?» አለ። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልጠየቁትም። ነገሩት። ደረጃው ላይ ስለተሰበረችው ጠርዝ ጭምር ነገሩት፤ እሱም ሕፃን ሳለ እሷ ላይ ወድቆ አገጩን እንደተሰፋ አስታወሰና ጠባሳውን በጣቱ ነካው። ቤታቸው ከደረሱም በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው አወሩ፤ ገሊላ ምን ነካቸው ብላ በሩን ከፍታ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

እራት ሳይቀርብ ሁለተኛዋ ምልክት መጣች። ቃል ግን አልመጣም። ወይዘሮ ውቢት ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ስልኩን ትራሳቸው አጠገብ አድርገው ተኙ።

እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ሊወጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ጋራዡ ውስጥ ቆመው ሳለ ስልኩ ጮኸ። ሕሩይ መኪናውን አስነሥቶ ነበር፣ ሲያያቸው መልሶ አጠፋው። መጀመሪያ የሞተር ጉርምርምታ ተሰማ፣ የአንድ ሕፃን ለቅሶ፣ በዐረብኛ የሚጣራ ሰው፤ ከዚያ በላዩ የቲጂ ድምፅ።

«እማዬ፣ ደርሰናል አልልሽም፣ ገና መንገድ ላይ ነን። ግን የመጀመሪያውን ኬላ አልፈናል፣ እዚህ ኔትወርክ አለ። ውኃ ተሰጥቶናል። የፈትያ ልጅ አስመልሶባታል፣ ሌላ ምንም የለም። ሹፌሩን ጎማህ ደኅና ነው ወይ ስንለው ማን ነገራችሁ ብሎ ደነገጠ።» ሳቀች፤ ሳቋ ውስጥ የመኪናው መንገጫገጭ ነበረበት። «በሩን ቆልፌያለሁ። ሁለቴ።»

ወይዘሮ ውቢት ድምፁ ካለቀ በኋላም ስልኩን ከጆሯቸው አላነሡትም። ከዚያ ወደ መኪናው ሳይገቡ ወደ ውጭ ወጡ። ቀዩ መስመር ትናንት እንደተውት ነው፤ በበሩ ትይዩ የደበዘዘ፣ ግራና ቀኙ ቁልጭ ያለ። የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሰብሰብ አድርገው ሳይረግጡት ተሻገሩትና ከማዶው ቆመው ልጃቸው መኪናውን ወደ ኋላ ሲያወጣ እጃቸውን አወዛወዙለት።

«ቀስ በል» አሉት። «መስመሩን እንዳትነካው።»